ሁለተኛዋ ጀሪካን

«ይሄ ስኳር የሸማቾች አይደለም» አለች አስካለ፤ ሻዩን አንዴ ፉት ብላ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሳችው። «ከአስፋልቱ ሱቅ የተገዛ ነው። ምነው ሴቶች! አስቻለች ብትሰማ ከመቃብር ተነስታ ትመልሰው ነበር እኮ።»

አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ሴቶች ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፈኑት። የአንዷ ሳቅ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረና ሌሎቹም ተከተሏት። መሰረት ግን አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም። የሟች ልጅ ናትና ድንኳኑ ጥግ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ለብሶ ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚነሳው በሌላ ሰው ፈቃድ ነው። ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ «ቁጭ በይ፣ እኛ እናመጣለን» ይሏታል። ሽንት ቤት ልትሄድ ስትል አንዲት ሴት ክንዷን ደግፋ ትከተላታለች፤ በር ላይም ቆማ ትጠብቃታለች። እግሯ ከደነዘዘ ቆይቷል።

«እድሩ ነው የገዛው» አለች አክስቷ አለምነሽ፣ የእናቷ ታናሽ። «ለለቅሶዋ እንኳ ከደህና ሱቅ ይገዛላት ተብሎ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ርካሽ ስታሳድድ አይደል እንዲህ የሆነችው?»

ሁሉም የሚያውቀው፣ ግን በጆሮ ብቻ የሚባለው ነገር ድንገት በአደባባይ ወጥቶ ነበር። አስቻለች ለዘይት ተሰልፋ ውላ ነው የሞተችው። ደም ብዛት ከዚያ በፊትም ያስቸግራት ነበር። ያን ዕለት ጀሪካኗን ሰልፉ ላይ ትታ በፀሐይ ወደ ቤት መጣች፤ «ራሴን» አለች፤ ጋደም አለች፤ በዚያው ቀረች።

ወሬውን ወደ ሰልፉ የመለሰችው ራሷ አስካለ ናት። «ጀሪካኗ ደህና ናት» አለች፤ ስለ ታመመ ሰው የምታወራ ነበር የምትመስለው። «ሁለተኛ ደርሳለች።»

መሰረት ቀና አለች። «ምኗ ነው ሁለተኛ የደረሰው፣ እትዬ አስካለ?»

«ጀሪካኗ ነዋ! እዚያው ጥለናት የምንሄድ መሰለሽ? እየገፋንላት ነው።»

በጂንካ የዘይት ሰልፍ ሰው ብቻ አይሰለፍም፤ ጀሪካንም ይሰለፋል። ዘይቱ የሚመጣው በበርሜል ነው፤ አንዱ በርሜል ያልቅና ሌላው እስኪመጣ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ሴቶቹ ጀሪካኖቻቸውን በሱቁ በረንዳ ላይ ደርድረው ወደየጉዳያቸው ይሄዳሉ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እዚያ የተገኘ ሰው የሌላውንም ጀሪካን በእግሩ ገፋ ያደርጋል። የአስቻለች ጀሪካን ቢጫ ናት፤ እጀታዋ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል፤ ነፋስ እንዳይወስዳት ሆዷ ውስጥ ጠጠር አለ። ተራዋ ሲደርስ አስቻለች ጠጠሩን ደጃፉ ላይ ታፈስስና ከተቀዳላት በኋላ እየለቀመች ለሚቀጥለው ወር በኪሷ ትይዘዋለች። ጠጠር እንኳ በነፃ አይጣልም።

መሰረት ያንን ሰልፍ ከስምንተኛ ክፍል ጀምራ ታውቀዋለች። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ጀሪካን ጠባቂ ትሆናለች፤ የክፍሏ ልጆች በፊቷ ሲያልፉ ምሰሶው ጋ ትደበቃለች። እናቷ አንድ ቀን እጇን ይዛ ከምሰሶው አወጣቻት። «ሰልፍ ላይ የሚያፍር ሰው ቤቱ ሄዶ ይራባል» አለቻት፤ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ።

እንዲህ ነበረች። ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ጠዋት አትገዛም፤ ከደጋ የወረዱት ሻጮች ተሸክመው የመመለሱ ነገር ሲያሳስባቸው፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጠብቃ ነው። ሙዝ ከፈለገች ደግሞ በተቃራኒው ገና ሳይነጋ ወርዳ የኔሪ ወንዝ ድልድይ ላይ ባለሙዞቹን ትጠብቃለች፤ ነጋዴ ሳያገኛቸው። የልብስ ሳሙናውን በክር ትቆርጥና ቆርቆሮው ላይ ታደርቀዋለች፤ ደረቅ ሳሙና ቶሎ አያልቅም። ቡናውን ትሸጠውና ገለባውን ቤት ታፈላለች፤ «ሸፈሮ የጥንት የአገሩ መጠጥ ነው፤ ባሌን የማከብረው በዚህ ነው» ትላለች። ባሏ አንጁሎ የአሪ ሰው ነው፤ ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል።

አሁን ድንኳኑ ውስጥ የሚታደለው እውነተኛ ቡና ነው። ገለባ አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ዘመድ ተሰብስቦ ወደ ቤት ገባ። ድንኳኑ ሰኞ ይነሳል፤ ከመነሳቱ በፊት የሚነገር ነገር ነበር። የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ሚልክያስ ጸለዩ። አንጁሎ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጧል። የዓይን ሞራ ግራ ዓይኑን ሸፍኖት ቀኙንም ጀምሮታል፤ ፊቱን ወደሚናገረው ሰው ሳይሆን ወደ ብርሃኑ ያዞራል።

«ነገሩ አጭር ነው» አለች አለምነሽ። «አንጁሎ እንደምታዩት ነው። ቤቱ ሴት ይፈልጋል። ሰኞ የዘይቱ የወር ኮታ ይዘጋል፤ የእህቴ ስም ይጠራል። አቤት የሚል ከሌለ ቤቱ ከሸማቾች መዝገብ ይሰረዛል፤ ዘይት የለ፣ ስኳር የለ፣ ዱቄት የለ። እኔ አቤት እንዳልል የራሴ ካርድ አለኝ፤ ለሁለት ቤት መቆም ክልክል ነው። እና አቤት የምትዪው አንቺ ነሽ፣ መሲ። ካርዱ ወደ አንቺ ይዞራል።»

«በየወሩ?»

«በየወሩ ነዋ! ሆድ በየወሩ አይደል የሚበላው?»

መሰረት መልሱን ከመናገሯ በፊት ሁሉም ያውቀዋል። ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀች ጀምሮ ሁለት ዓመት እዚህ ቤት ተቀምጣ ሥራ ጠብቃለች። ማስታወቂያ ሰሌዳ እያነበበች፣ ፈተና እየተፈተነች፣ የእናቷን ጀሪካን እየገፋች። እናቷ ከመሞቷ በፊት በነበረው ሳምንት ከአርባ ምንጭ ተደወለ፤ በዘይቱ መዝጊያ ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት ቀርባ ቅጥሩን እንድትፈርም፣ ካልቀረበች ዕድሉ ለተጠባባቂው እንደሚያልፍ ተነገራት። አስቻለች ወሬውን ስትሰማ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። እልል አላለችም። «ተራሽ ደረሰ በይኛ» አለችና ወደ ሰልፏ ሄደች።

«አርባ ምንጭስ?» አለች መሰረት።

«አርባ ምንጭ የት ይሄዳል? ተራራው ያው ቆሟል።»

«ሥራ ከጌታ ነው፣ ልጄ» አሉ አቶ ሚልክያስ በለስላሳ ድምፅ። «ሌላ ያዘጋጅልሻል።»

«ይሄኛውንም እሱ ነው ያዘጋጀልኝ፣ ጋሼ።»

አለምነሽ ምላሷን ጠቅ አደረገች። ሽማግሌው ግን ፈገግ አሉ። «ይቺስ የእናቷ ናት» አሉ ወደ ሰዎቹ ዞረው። «እናትሽ የኔን ጀሪካን ከሰልፍ አውጥታ የጣለችበትን ቀን ሰምተሻል? ባለቤቴ ወሊድ ጥየቃ ሄዳ ዘገየች፤ ስሟ ተጠራ፤ አቤት የሚል ጠፋ። ደምሰው፣ ባለሱቁ፣ ‹የሽማግሌ ቤት ነው፣ ትንሽ እንጠብቅ› ቢል አስቻለች ጀሪካናችንን አንስታ መንገድ ላይ አስቀመጠችው። ‹ሚልክያስ ወንጌል ላይ ሽማግሌ ነው፤ እዚህ ጀሪካን ነው› አለች።» ሳቁ፤ ከዚያ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ደንቡን ያወጣችው እሷ ናት። ሲጠራ የሌለ ሰው ጀሪካን ቦታ አይዝም። ያ ደንብ ባይኖር በጉልበተኛ ተበልተን አልቀን ነበር።»

ከዚያ ቀጥሎ የተባለው ሁሉ እንደተወሰነ ነገር ነበር። ማን የት እንደሚተኛ፣ የመሰረት ዕቃ ወደ እናቷ ክፍል እንደሚገባ፣ ላሚቱን ማን እንደሚያልብ። እሷን የጠየቃት የለም። በር ላይ ሰው ሞልቶ ስለነበር ብትወጣ እንኳ በሰው ጉልበት ላይ ተረማምዳ ነው፤ ስለዚህ ቁጭ አለች። ግድግዳው ላይ እናቷ ከምርጫ ፖስተር ጀርባ ቆርጣ የለጠፈችው ወረቀት አለ፤ ነጩ ጎኑ ወደ ውጭ። ግድግዳ ማልበሻ እንኳ አልገዛችም።

እሁድ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ በሸማቾች ሱቅ በኩል አለፉ። ሱቁ ዝግ ነው፤ በረንዳው ላይ ግን ጀሪካኖች ተደርድረዋል። መሰረት ቆመች። ዓርብ ዕለት ከዳር እስከ ዳር የነበረው ሰልፍ ተመናምኖ የቀሩት አምስት ስድስት ብቻ ናቸው። ቀይ ጨርቅ ያሰረችው ጀሪካን ግን ዛሬም ሁለተኛ ናት።

«እትዬ አስካለ፣ ዓርብ ሁለተኛ ነበረች አላልሽም?»

«ነበረች።»

«ትናንት አንድ በርሜል ሙሉ ተሽጧል።»

«ተሽጧል።»

«ታዲያ እንዴት እስካሁን ሁለተኛ ሆነች?»

አስካለ ለዓመታት ከአስቻለች ጋር አንድ ሰልፍ ላይ ስትናቆር የኖረች ናት፤ ለመልስ ተቸግራ አታውቅም። አሁን ግን የነጠላዋን ጥለት ፈተለች።

«ከፊቷ ያለው ሲቀዳለት» አለች በመጨረሻ፣ «ከኋላዋ ያለችው የራሷን ታነሳና ከአስቻለች ጀሪካን ፊት ታስቀምጣለች። ማንም ማንንም አላዘዘም። ዓርብ ዕለት እኔ ነኝ የጀመርኩት። አንደኛ ከሆነች ደምሰው ስሟን ይጠራላ! ይጠራና…» እጇን በአየር ላይ ዘረጋች። «አቤት የሚል የለም። ያንን የምንሰማበት ጆሮ ከየት እናምጣ? ስሟ ሲጠራ እኮ ገና ሳይጨርሰው ነበር ‹አቤት› የምትለው። ከመንገዱ ማዶ እንኳ ብትሆን።»

«ነገ ሁሉም ይጨርሳል።»

«ነገ አንቺ አለሽ» አለች አስካለ። እጇን ጨበጠቻት፤ አጨባበጧ ጠንካራ ነበር፤ እንደ ማጽናኛም እንደ መያዣም።

ከሰዓት በኋላ መሰረት ከፍራሹ ተነስታ በጓሮ በኩል ወጣች። አንድ ሁለት ሴቶች ሊከተሏት ሲሉ «አባቴ ጋ ነው» አለች። አንጁሎ እንሰቱ ሥር ተቀምጦ የደረቀ ቅጠል በእጁ ዳብሶ እየላጠ ነበር።

«አለምነሽ ስለ ዓይኔ ስታወራ ጆሮዬም የጠፋ ይመስላታል» አለ፤ በእግር ኮቴዋ አውቋታል።

«አባዬ፣ ዘይቱ ቢቀርብህስ?»

«እኔ ዘይት መቼ በላሁ? ጎደሬ ነው የምበላው። በቆሎ፣ ጎመን። ጎመኑን የወንድሜ ሚስት ትሠራልኛለች፤ አጥሩን ዘሎ ነው ቤታቸው። ዘይት የእንግዳ ነው።» ቅጠሉን ቀደደው። «እሷም አትወድ ነበር። ቃር ያነሳባታል።»

«ታዲያ ምን አሰለፋት? ለምን ሞተችበት?»

ትከሻው ነቅነቅ አለ። «አንቺ ሰልፍ ቆመሻል እንጂ ሰልፍ አላየሽም።»

ከዚያ ነገራት። ሊያጽናናት ብሎ አይደለም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። አስቻለችን ከሳውላ ሲያመጣት አሪኛ አታውቅም፤ ጎረቤቱ «የአንጁሎ ሚስት» ይላታል፤ ሌላው «መጤዋ» ይላታል። ገበያ ሄዳ ሳትናገር ትመለሳለች። አንድ ቀን የቀበሌው ሱቅ ስኳር መጣ ተብሎ ሄደች፤ ተሰለፈች፤ ተራዋ ሲደርስ አንድ ሰው መዝገብ ገልጦ «አስቻለች ወርቅነህ!» ብሎ ጮኸ። በዚህ ከተማ ስሟ ከነአባቷ ስም ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር።

«ቤት መጥታ ስኳሩን አስቀመጠች፤ ሻይ እንኳን አላፈላችም። ‹ጠሩኝ› አለችኝ። ‹ጠሩኝ፣ አቤት አልኩ።›» አንጁሎ ቅጠሉን አስቀመጠ። «ርካሽ ነው እያለች ለሰው ትናገራለች። ርካሽ መሆኑም እውነት ነው። ግን ሰልፉን ነው የምትወደው።»

መሰረት ወደ አጥሩ ዞረች። ከአጥሩ ማዶ በድሮው አውሮፕላን ሜዳ ላይ ላሞች ይግጣሉ፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። በልጅነቷ አውሮፕላን ሲመጣ ላሞቹን ከሜዳው የሚያባርር ዘበኛ ነበር። ዘበኛው አንጁሎ ነው።

«ልሂድ ወይስ ልቅር፣ አባዬ?»

«ሂጂ ካልኩሽ ያስኬድኩሽ እኔ ነኝ። ቅሪ ካልኩሽም ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ይሄን አልሸከምም።» ሞራ ያልጨረሰውን ዓይኑን ወደ እሷ አዞረ። «እናትሽን አንድም ቀን ምን አድርጊ ብያት አላውቅም።»

ሰኞ ጠዋት የእድሩ ወጣቶች ድንኳኑን እየፈቱ ሳለ መሰረት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። አለምነሽ በር ላይ አገኘቻት።

«ካርዱን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ሻንጣውስ?»

«ልብሴ ነው።»

«ለዘይት በሻንጣ ይኬዳል እንዴ?» አለምነሽ ድምፅዋን ልታነሳ አሰበች፤ አግዳሚ የሚሸከሙትን ሰዎች አየችና ዋጠችው። «የእህቴን ቤት ልትዘጊ ነው፣ መሰረት። እያየሁሽ!»

መሰረት ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች። እሱ ራሷን ዳበሰና «ጭቃ ነው፤ ዳር ዳሩን ሂጂ» አላት።

በረንዳው ላይ ሁለት ጀሪካኖች ቀርተዋል። የአስካለ አንደኛ፣ የአስቻለች ሁለተኛ። የተቀዳላቸው ሴቶች ግን ወደየቤታቸው አልሄዱም፤ የሞሉ ጀሪካኖቻቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ግድግዳውን ተደግፈዋል። አስካለ የራሷን ለማንሳት ጊዜ ወሰደች። ክዳኑን ፈታች፣ ገጠመች፣ እንደገና ፈታች። ደምሰው ፓምፑን ያዘ። ዘይቱ ወረደ፤ ሞላ። አስካለ ጀሪካኗን ወደ ጎን አነሳች፤ ከኋላ የምታልፍ ሌላ አልነበረም።

ደምሰው መዝገቡን አላየም። ማንቆርቆሪያውን በጨርቅ መወልወል ጀመረ። «መሲ፣ ነይ ስጪኝ። አንቺ እያለሽ ምን እጠራለሁ? ልቅዳልሽና ካርዱን እናዙረው።»

«ጥራ» አለች መሰረት።

«ምን አስጨነቀሽ? ሁሉም ያውቅሻል።»

«ጋሽ ደምሰው፣ ጥራ። ደንብ ነው።»

ጀሪካኗን በእግሯ ጫፍ ገፋ አደረገቻት፤ እናቷ እንደምታደርገው፣ ሳታይ። ጠጠሩ ተንኳኳ። ጀሪካኗ ደፉ ላይ ደርሳ ቆመች። አንደኛ።

ደምሰው መዝገቡን ገለጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ወይዘሮ አስቻለች ወርቅነህ!»

ስሙ በረንዳውን አልፎ መንገዱ ላይ ወጣ። አንድ ባጃጅ አለፈ። ከግድግዳው ጋር የቆሙት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። መሰረት «አቤት» የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ዝግጁ ሆኖ ተሰማት፤ ስንት ዓመት ሰምታዋለች! አጭር ቃል ነው። አንዴ ከወጣ ግን በየወሩ እዚህ ያቆማታል፤ ምሰሶው ጋ፣ እስክታረጅ። ደግሞም ቃሉ የእሷ አልነበረም።

ለተጠራው ስም በቂ ጊዜ ሰጥታ ጠበቀች። እናቷም የሌላ ሰው ስም ሲጠራ ትጠብቅ ነበር፤ ትንሽ።

«የለችም» አለች።

እናቷ ከሞተች ጀምሮ ይህን ቃል ከአፏ ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ድምፅዋ እንዳሰበችው አልጸናም። ካርዱን መዝገቡ ላይ አስቀመጠች፤ ጀሪካኗን ከደፉ አንስታ ከሰልፉ አወጣቻት።

ደምሰው ብዕሩን ይዞ ቀረ። አስካለ ግን እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወይኔ! ይቺ ጨካኝ!» አለች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም። «ልክ እናቷን! ልክ እሷን!» ከዚያ የራሷን ጀሪካን እንዳነሳች ወደ መሰረት ተጠጋችና ዝግ ብላ፣ «አንጁሎ እንግዳ ከመጣበት ከኔ ይወስዳል» አለች። «በነፃ እንዳይመስለው ደግሞ! ጎደሬ ያመጣልኛል። በይ ሂጂ፣ መኪናው ሳይሞላ።»

መኪናው አልሞላም ነበር። መናኸሪያው ውስጥ የአርባ ምንጩ ሚኒባስ በሩን ከፍቶ ቆሟል፤ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል፤ የቀረው ግን አምስት ነው። መሰረት የኋለኛው ወንበር ላይ መስኮቱ ጥግ ተወሸቀች። መስኮቱ አይከፈትም። ጉልበቷ የፊተኛውን ወንበር ብረት ይነካል።

ረዳቱ አንገቱን አስገባ። «እህት፣ ጀሪካኑን ላይ ልጫንልሽ። ባዶ አይደል?»

«ባዶ ነው።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሻል? ወርውሪልኝ።»

«ተወው፣ እይዘዋለሁ።»

ጀሪካኗን ጉልበቷ ላይ አቆመቻት። ጠጠሩን ደፉ ላይ አላፈሰሰችውም፤ ረስታው ነው። አንድ ሰው ገባ። ሌላ ገባ። በመጨረሻ አንዲት ወፍራም ሴት ሙዝ የሞላ ዘንቢል ይዛ እየተነፈሰች መጣች፤ የቀረው ቦታ ከመሰረት አጠገብ ያለው ጠባብ ክፍተት ብቻ ነው።

«ተጠጊልኝ፣ የኔ ልጅ» አለች ሴትዮዋ።

መሰረት ወደ መስኮቱ ተጣበቀች። ሌላ ቦታ አልነበረምና ጀሪካኗን ከጉልበቷ አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈቻት፤ በሁለት እጇ።